የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ምን ያስተምራል?

ባለፈው መስከረም አንዲት ጎረቤቴ የልጇን የሒሳብ መጽሐፍ ታቅፋ ቤቴ መጣች። «እስከ ስምንተኛ ክፍል እኔው ነበርኩ የማስጠናት፤ አሁን ግን ገጹን ስገልጥ የማውቀው ነገር አጣሁ። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ምንድን ነው የሚማሩት?» አለችኝ። የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ሳስጠና ዓመታት አልፈዋል፤ ይህ ጥያቄ ሳይመጣልኝ የቀረበት መስከረም የለም። ያን ቀን ቆመን ያወራነውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ በአመዛኙ ጥያቄው ራሱ ቁጥሮቹን ያቀርባል፤ ተማሪው ይደምራል፣ ያባዛል፣ ያካፍላል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ የሚፈለገው ነገር ይሸሸጋል። ዛፉ ላይ ወጥቶ ሜትር የሚዘረጋ የለም፣ የጎኑ ርዝመት በክፍልፋይ አይጻፍም፣ ቁጥሩ ኤክስ በሚባል ፊደል ተሸፍኗል። ተማሪው በእጁ ካለው ፍንጭ ተነሥቶ እጁ ወደማይደርስበት መድረስ አለበት። የመጽሐፉ ዘጠኝ ምዕራፎች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ በእኔ አስተያየት ሁሉም የሚያለማምዱት ይህንኑ ነው። ለዚህም ነው ከመልሱ ይልቅ «እንዴት አወቅህ?» የሚለው ጥያቄ በድንገት ክብደት የሚያገኘው፤ እስከዚያ ድረስ በፍጥነቱ ሲሞገስ የኖረ ልጅ ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አብሮ ይመጣል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በብዙ አካባቢ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ላዕልና ታሕት፣ ዳግም ዘር፣ ተጋማሽ ቁጥር እያለ የተማረ ልጅ እነዚያኑ ነገሮች በሌላ ስም ያገኛቸዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ «ሒሳቡ ከበደኝ» ሲል ወላጅ መጀመሪያ ሊያጣራ የሚገባው ነገር አለ፤ የከበደው ሒሳቡ ነው ወይስ ጥያቄው የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር? እኔ ሁልጊዜ ጥያቄውን በአማርኛ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። ከነገረኝ በኋላ ራሱ ይሠራዋል፤ እንዲህ ሲሆን ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

መጽሐፉ የሚከፈተው በስብስብ ነው። ስብስብ ማለት ተለይተው የታወቁ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ማስገባት ነው። ሁለት ስብስቦች ይዋሓዳሉ፣ ይጋራሉ፣ አንዱ ከሌላው ይቀነሳል። ከ50 ተማሪዎች 32ቱ ቡና ይወዳሉ፣ 27ቱ ሻይ ይወዳሉ፣ 6ቱ ሁለቱንም አይወዱም ከተባለ ሁለቱንም የሚወዱት ስንት ናቸው? ስድስቱን ስናወጣ 44 ሰዎች ይቀራሉ፤ 32 እና 27 ግን 59 ነው። ትርፉ 15 ከየት መጣ? ሁለት ጊዜ ከተቆጠሩት ሰዎች ነው። አንድም ተማሪ ሄደን ሳንጠይቅ 15ቱን አገኘናቸው።

ንዑስ ስብስብ የሚባለውን የማስረዳው በበያይነቱ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ካሉ ስንት ዓይነት ሰሃን ማቅረብ ይቻላል? እያንዳንዱ ወጥ ወይ ይጨለፋል ወይ አይጨለፍም፤ ስለዚህ 2 ጊዜ 2 ጊዜ 2፣ ማለትም 8 ዓይነት። ልጆቹ ሰባት ብቻ ቆጥረው ይቀራሉ፤ የረሱት ባዶውን ሰሃን ነው። ባዶ ስብስብም ስብስብ መሆኑን ከዚያ በኋላ አይረሱትም። ወጡ አሥር ዓይነት ቢሆን የሰሃኑ ዓይነት 1,024 ይደርሳል። ይህን ስምንት ቁጥር ያዙት፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ቀጥሎ የቁጥሮች ምዕራፍ ይመጣል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። መነሻው በጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ስም የኤውክሊድ የማካፈል ሕግ ብለው የሚጠሩት ቀላል ሐሳብ ነው። ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ለሌላ ሲካፈል ድርሻና ቀሪ ይኖረዋል፤ ቀሪውም ሁልጊዜ ከአካፋዩ ያንሳል። ልጆች ይህን እንደ ተራ ነገር ያልፉታል። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ሊቃውንት ግን ዘመኑን ሁሉ የሚያሰሉት በዚሁ በቀሪ ነው። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5,500 ሲደመርበት ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመተ ዓለም 7,518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1,879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ቀሪው 2 በመሆኑ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። 1,879ኙ መጠነ ራብዒት ይባላል። እሱን በ7,518 ላይ ስንደምር 9,397 እናገኛለን፤ ይህን ለ7 ስናካፍል 1,342 ደርሶ 3 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን ዓመቱ ማክሰኞ ይገባል፣ 2 ሲሆን ረቡዕ፣ 3 ሲሆን ሐሙስ። የ2018 መስከረም አንድ የዋለው በእርግጥም ሐሙስ ነበር። ለሚቀጥለው ዓመት ራሳችሁ ሞክሩት። አያቱ ቆሎ ተማሪ የነበሩ ልጅ በኤውክሊድ ስም የተጻፈው ሕግ በቤቱ ሲሠራበት የኖረ መሆኑን ሲያውቅ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ደስ ያሰኛል።

ከዚያ ክፍልፋዮች ይመጣሉ። አንድ ሦስተኛ በአሥርዮሽ ሲጻፍ 0.333 እያለ ማብቂያ የለውም፤ 0.272727 እያለ የሚሄደው ደግሞ ከ11 ሦስት እጅ ነው። የሚደጋገም አሥርዮሽ ሁሉ ወደ ክፍልፋይ ይመለሳል፤ ተማሪው አመላለሱን ይማራል። እስከዚህ ድረስ ዓለም ሥርዓት አላት። ከዚያ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ ይሳላል፤ ከማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን ሰያፍ መስመር ይሰመራል፤ ርዝመቱ ስንት ነው ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ የ2 ዳግም ዘር፣ √2 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጥ ቁጥር ማለት ነው። ይህ ቁጥር በክፍልፋይ አይጻፍም። መስመሩ ዓይናችን ፊት ተጋድሟል፣ ልኩን ግን በየትኛውም ላዕልና ታሕት መያዝ አይቻልም።

«ማን ሞክሮ ጨረሰው?» ብላ ጠየቀችኝ የጎረቤቴ ልጅ። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ ክፍልፋዮች ማለቂያ የላቸውም፣ ሁሉንም የሞከረ ሰው ሊኖር አይችልም። እንግዲህ ማስረጃ የሚባለው ነገር ጉልበቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። √2 በክፍልፋይ ይጻፋል ብለን እንነሣ። ክፍልፋዩን እስከ መጨረሻው አቃለነዋል፤ ስለዚህ ላዕሉና ታሕቱ ሁለቱም ተጋማሽ ሊሆኑ አይችሉም፣ ቢሆኑ ኖሮ ለ2 እናካፍላቸው ነበርና። አሁን ክፍልፋዩን በራሱ ብናባዛው 2 መሆን አለበት። ይህ ማለት ላዕሉ በራሱ ሲባዛ የታሕቱ ዳግም ርቢ (ታሕቱ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው) እጥፍ ነው፤ እጥፍ ከሆነ ተጋማሽ ነው። ኢተጋማሽ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ኢተጋማሽ ስለሚሆን ላዕሉ ራሱ ተጋማሽ መሆን አለበት። ላዕሉ ተጋማሽ ከሆነ ዳግም ርቢው ለ4 ይካፈላል፤ የዚያ ግማሽ የሆነው የታሕቱ ዳግም ርቢም ለ2 ይካፈላል፤ ስለዚህ ታሕቱም ተጋማሽ ነው። ሁለቱም ተጋማሽ ሆኑ ማለት ነው፤ ሁለቱም ሊሆኑ አይችሉም ብለን ግን ጀምረናል። መነሻችን ራሱን አፈረሰ። አንድም ክፍልፋይ ሳንሞክር ሁሉንም ጣልናቸው።

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ በጣቷ እየተከተለች እንደገና አነበበችው። ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ከዚህ ገጽ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ገጽ የለም ብዬ አምናለሁ። √2ን በግምት የሚያውቁት ባቢሎናውያን ከ3,600 ዓመታት በፊት እንኳ ነበሩ፤ ዛሬ ዬል ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ የሸክላ ጽሑፍ ላይ የቀረጹት ቁጥር ከትክክለኛው የሚለየው ከአንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ነው። ግምት የቱንም ያህል ቢጠጋ ማስረጃ እንደማይሆን ግን ተማሪው የሚያየው ከላይ ባለው አንቀጽ ነው።

እኩልታ ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ቀጥተኛ እኩልታዎች፣ ሁለት የማይታወቁ ቁጥሮች ያሏቸው ጥንድ እኩልታዎች፣ ከዚያም የዋናው ፈተና ምንጭ የሆነው ባለ ዳግም ርቢ እኩልታ አለ። ለዚህ የሚሆን ቀመር አለ፤ ልጆች እንደ ጸሎት ይሸመድዱታል። ቀመሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ቅር የሚለኝም ይህ ነው፤ ምክንያቱም አመጣጡ በጣት የሚሳል ነው።

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረው ሊቅ አል-ኸዋሪዝሚ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አለው፦ የአንድ ካሬ ስፋትና የጎኑ አሥር እጥፍ ሲደመሩ 39 ይሆናሉ፤ ጎኑ ስንት ነው? ካሬውን ሳሉት። አሥር እጥፉን ለሁለት ክፈሉት፤ እያንዳንዳቸው 5 ወርድ ያላቸው ሁለት ሰሌዳዎች ይሆናሉ። አንዱን ከካሬው በስተቀኝ፣ ሌላውን ከካሬው በታች ለጥፉ። ምስሉ ትልቅ ካሬ ሊሆን ጥቂት ቀረው፤ አንዲት ጥግ ብቻ ጎደለችው። የጎደለችው ጥግ 5 በ5 ናት፣ ማለትም 25። እሷን ብንሞላ ጠቅላላው 39 ሲደመር 25፣ ማለትም 64 ይሆናል። 64 የ8 ዳግም ርቢ ነው፤ ስለዚህ የትልቁ ካሬ ጎን 8፣ የመጀመሪያው ካሬ ጎን ደግሞ 8 ሲቀነስ 5፣ ማለትም 3 ነው። ካሬ ማሟላት የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው፤ ያ የሚሸመደደው ቀመርም ይኸው ጥግ መሙላት በፊደል ሲጻፍ ነው። አል-ኸዋሪዝሚ ስለ መሬትና ስለ ርዝመት ያስብ ነበርና በ3 ቆመ። የዛሬው ተማሪ ግን ኔጌቲቭ 13 የሚለውን ሁለተኛ መልስም ይሰጣል፤ 169 ሲቀነስ 130፣ 39 ነውና።

አልጀብራ የሚለው ቃል የመጣው አል-ጀብር ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። ትርጉሙ የጎደለውን መመለስ፣ የተሰበረውን መጠገን ነው፤ የወጌሻን ሥራም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ከእኩልታው አንድ ወገን የተቀነሰውን ወደ ሌላው ወገን መልሶ ሁለቱን ማስተካከል የአጥንት ጥገና ሆኖ ከታየ ልጆች ምልክት መቀየሩን አይረሱም።

መበላለጥ፣ ማለትም አንዱ ወገን ከሌላው የሚበልጥበት ወይም የሚያንስበት ጥያቄ፣ ቀጥሎ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናቅፈው አንድ ሕግ ነው፤ በኔጌቲቭ ቁጥር ሲባዛ ምልክቱ ይገለበጣል። ለምን? 3 ብር ያለው 5 ብር ካለው ያንሳል። ይሁንና 3 ብር ዕዳ ያለበት 5 ብር ዕዳ ካለበት ይሻላል። ሀብቱን ሁሉ ወደ ዕዳ ብትቀይሩ የሰዎቹ ቅደም ተከተል ይገለበጣል፤ ሕጉ ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የቋንቋው ችግር ጎልቶ የሚታየውም በዚሁ ምዕራፍ ነው። ሊፍቱ ቢበዛ 600 ኪሎ ይችላል፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሠራተኛ 40 ኪሎ የሚመዝኑ ካርቶኖች ይዞ ይገባል፤ ስንት ካርቶን መያዝ ይችላል? በአማርኛ ስናነበው ቢበዛ 13 ብሎ የማይመልስ ልጅ ብርቅ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን «አት ሞስት» እና «አት ሊስት» ይምታታሉ፤ «ሞስት» ብዙ ማለት ስለሆነ ምልክቱን ወደ መብለጥ ያዞሩታል። አንዱ ተማሪዬ «ጋሼ፣ ሞስት ካለ ትልቅ ማለት አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የደብተሩ ሽፋን ውስጥ ቢበዛና ቢያንስ ተብሎ ከነምልክታቸው ይጻፍ። ወላጅም ሒሳብ ሳያውቅ በዚህ ሊያግዝ ይችላል።

ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ወደ ቅርጽ ይዞራል። ትሪጎኖሜትሪ ይቀድማል፣ ጎነ ብዙ ምስሎች ይከተላሉ፣ ምስስልነት ከዚያ ይመጣል። እኔ ብሆን ምስስልነትን ከፊት አስቀድመው ነበር። ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት የሚባሉት አንዱ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ በሆነ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የአንድን ጎን ርዝመት ለሌላው የማካፈል ውጤቶች ናቸው። ሦስት ማዕዘኑ በደብተር ላይ ይሳል ወይም ተራራ ያህል ይሁን፣ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ከሆነ ውጤቱ አይለወጥም። ለምን አይለወጥም? ቅርጻቸው አንድ ሆኖ መጠናቸው የሚለያይ ምስሎች ጎኖቻቸው በእኩል እጥፍ ስለሚያድጉ ነው። ይህ ሳይገባው ሳይን 30 ግማሽ ነው ብሎ የሸመደደ ልጅ ቁጥሩን እንጂ ነገሩን አልያዘም።

ግቢያችን ያለውን ባሕር ዛፍ የለካነው በዚህ ነው። ፕሮትራክተር ላይ ክር አሥረን በክሩ ጫፍ ጠጠር አንጠለጠልን። ልጅቷ በፕሮትራክተሩ ቀጥ ያለ ጠርዝ በኩል የዛፉን ጫፍ እያየች ወደ ኋላ ሄደች፤ ክሩ 45 ዲግሪ ሲያሳይ ቆመች። በ45 ዲግሪ ላይ ከፍታውና ርቀቱ እኩል ናቸው፤ ታንጀንቱ 1 ነውና። ከቆመችበት እስከ ግንዱ 18 ሜትር ነበር፤ የዓይኗ ከፍታ 1.5 ሜትር ሲጨመር ዛፉ 19.5 ሜትር ሆነ። «ወጥተን ብንለካው ይኸው ይሆናል?» አለችኝ። በእጅ የተያዘ ፕሮትራክተር አንድ ሁለት ዲግሪ ሊስት ስለሚችል በአንድ ሜትር ገደማ ቢለያይ እንዳይገርማት ነገርኳት።

ምስስልነት ሌላም ጥቅም አለው። ጎኑ በአንድ ተኩል እጥፍ ያደገ ምስል ስፋቱ በአንድ ተኩል አያድግም፤ በ2.25 ያድጋል፣ አንድ ተኩል በራሱ ይባዛልና። በ40 ሳንቲ ሜትር ምጣድ ይጋግሩ የነበሩ እናት 60 ሳንቲ ሜትር ምጣድ ሲገዙ ለአንድ እንጀራ ከእጥፍ በላይ ሊጥ እንደሚፈልግ እጃቸው ያውቀዋል። ጎነ ብዙ ምስሎችን በአጭሩ ላንሣ፦ ጎኖቹና ማዕዘኖቹ እኩል የሆኑ ባለ ስድስት ጎን ምስል ማዕዘኑ 120 ዲግሪ ስለሆነ ሦስቱ ገጥመው 360 ይሞላሉ፤ የማር እንጀራ ክፍተት የሌለው ለዚህ ነው። እንዲሁ እኩል የሆነው የባለ አምስቱ ማዕዘን 108 ነው፤ 360ን እኩል አይካፈልም፤ በእሱ ወለል ማንጠፍ አይቻልም። ቬክተር ደግሞ መጠንና አቅጣጫን አንድ ላይ ይይዛል፤ 3 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 4 ወደ ሰሜን የሄደ ሰው 7 ኪሎ ሜትር ደክሟል፣ ከቤቱ የራቀው ግን 5 ብቻ ነው። ለፊዚክስ መግቢያ ስለሆነ ተማሪው አሁን ካልገባው የፊዚክስ ክፍል ውስጥ ዋጋ ያስከፍለዋል።

መጨረሻው ስታትስቲክስና ፕሮባቢሊቲ ነው። መጨረሻ ላይ በመቀመጡ ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚታጠፈው እሱ ነው፤ ይህ በእጅጉ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከመጽሐፉ ሁሉ ለዕለት ኑሮ የሚቀርበው ይህ ምዕራፍ ነው። አምስት ሰዎች ባሉበት ድርጅት ደመወዙ 4,000፣ 4,500፣ 5,000፣ 5,500 እና የባለቤቱ 81,000 ብር ነው እንበል። አማካዩ 20,000 ብር ይሆናል። «አማካይ ደመወዛችን 20,000 ነው» ብሎ ማስታወቂያ ያወጣ ድርጅት አልዋሸም፤ ግን ከአምስቱ አራቱ የአማካዩን ሲሶ እንኳ አያገኙም። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ ያለው 5,000 ብር እውነቱን ይናገራል። ሥራ ሊፈልግ የሚወጣ ወጣት ይህን ሳያውቅ ትምህርት ቤት መጨረስ የለበትም። ወላጆች፣ ግንቦት ሲገባ ልጃችሁን ስንተኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረሱ ጠይቁ፤ ካልደረሱበትም ይህን ምዕራፍ ቤት ውስጥ አንብቡት፣ ከሌሎቹ ይልቅ ለብቻ ለማንበብ ይመቻል።

እኛ ሰኔ ላይ ነው የደረስንበት። ሦስት ጊዜ ሳንቲም ቢወረወር ቢያንስ አንዴ ጎፈር የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? ልጅቷ ዘውድና ጎፈር እያለች ሁሉንም ዝርዝር ጻፈች። ስምንት ሆነ። ከስምንቱ ጎፈር የሌለበት ሦስቱም ዘውድ የሆነበት አንዱ ብቻ ስለሆነ መልሱ ከስምንት ሰባት እጅ ነው። እርሳሷን ልታስቀምጥ ስትል ቆም አለች፤ ደብተሯን ወደ ኋላ ገልጣ የመስከረሙን ገጽ አወጣች። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን፣ ስምንት ሰሃን። «ጋሼ፣ ሦስቱም ዘውድ የሆነው እኮ ባዶው ሰሃን ነው!» አለች።